የሙሉ ፊት ደንብ

አቶ ኢዮስያስ ጠዋት ጠዋት ከሟች ሚስታቸው ጋር «እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደርክ» ይባባላሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ አመል አይደለም። በደሴ ከተማ ግድግዳው ላይ ሟች የሌለው ቤት የለም፤ ሟች ካለ ደግሞ ሰላምታ አለ። ቀድሞ የሚናገረው ምስሉ ነው። ዝም ብለው ቢያልፉት ቅር እንደተሰኘ እንግዳ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ፊቱን ሳይታጠብ ለሟቹ ይመልሳል።

ረድኤት ከሞተች በኋላም ከባለቤቷ ጋር እኩል እያረጀች ነው። አምና ሟቾችን የሚሥለው የከተማው የምስል አገልግሎት ሽበት ጨመረላት፤ ዘንድሮ ደግሞ የአንገቷን ቆዳ ትንሽ ለቀቅ አደረገላት። ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው መልሳ፣ በሁለት ብሩህ ዓይኖቿ እያየቻቸው «ኢዮስዬ፣ ሹራብ ደርብ፤ ጦሳ ላይ ደመና አለ» ትላለች። ጦሳ ተራራ ላይ እውነትም ደመና አለ። በዚህ በኩል ምስሉ ዋሽቶ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ገበያ ውስጥ ነው። አቶ ኢዮስያስ ቲማቲም እየመረጡ ሳለ አንዲት ሴት በአጠገባቸው አለፈች፤ አንዱ ዓይኗ ነጭ ነበር። ሰው ናቸውና አዘኑላት። «ምስኪን» አሉ በሆዳቸው፣ «የኔዋ እንኳ ተመስገን ነው፣ ዓይኗ ጤነኛ ነበር» አሉ። ቲማቲሙን ይዘው ጥቂት እንደ ሄዱ የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

የረድኤት ግራ ዓይን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። ገና ልጅ ሳለች እሾህ ወግቶት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጥቶ ቀርቶ ነበር። አቶ ኢዮስያስ ከዚያ ዓይን ጋር ዕድሜ ልካቸውን ኖረዋል፤ ከዚያ ዓይን ጋር ተኳርፈዋል፣ ታርቀዋል፣ ልጅ ወልደዋል። አሁን ግን ቲማቲም ይዘው፣ ዓይኗ ጤነኛ ነበር ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ። ሚስታቸውን እየረሷት ነበር፤ የሚያስረሳቸው ደግሞ በየማለዳው ሹራብ ደርብ የሚላቸው ምስል ነው። ፈሩ። ሞት ራሱ እንደዚህ አላስፈራቸውም።

ሁለቱ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን ደቅነው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ረድኤት ደኅነኛ ዓይኗ የቀኙ ስለሆነ ባሏን በቀኟ ታስቀምጠዋለች። «አንተን ካላየሁ ማንን ልሰድብ ነው?» ትላለች፤ አፏ የዋዛ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ደግሞ ሲጫወት ፊት ለፊት አይተያይም፤ ዓይኑ መርፌው ላይ ነው። ቢበዛ ቢበዛ አንገቱን ሳያዞር ወደ ጎን ሰረቅ ያደርጋል። አቶ ኢዮስያስ ሚስታቸውን የሚያውቋት እንዲያ ነው። ወጣ ያለ ግንባር፣ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ አፍንጫ፣ ሁለት ስፒል የነከሰ ከንፈር፣ ጠመኔ የተሰካበት ጆሮ። ስትስቅ እንኳ ስፒሉን አትተፋም ነበር። ያቺን ሴት ነው የሚፈልጓት፤ ያቺ ሴት ደግሞ የትም የለችም።

የሌለችበት ምክንያት የሙሉ ፊት ደንብ ነው። ደንቡን ያመጣው አንድ ለቅሶ ነበር። በአገራችን የጥንት ሥዕል ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ከሃዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው፣ ሰይጣንም አንድ ዓይን ነው። ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። ታዲያ አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ነጋዴ ለቅሶ ላይ የምስል አገልግሎቱ ሟቹን በጎን አዙሮ፣ በአንድ ዓይን አወጣው። ዘመድ አዝማዱ «አባታችንን ይሁዳ አላችሁት!» ብሎ ተነሣ፤ ድንኳን ፈረሰ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ ሰው ተፈነከተ። ከዚያ ወዲህ የማንም ሰው ምስል፣ የሞተም ያለም፣ በጎን እንዳይታይ ተደነገገ። የሠርግ ምስል፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ትክ ብሎ ያየዋል። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ አጨበጨበ። አቶ ኢዮስያስም አጨብጭበዋል፤ ረድኤት ግን ስፌቷን አላቋረጠችም።

እሑድ ልጃቸው ኖላዊት መጣች። መጣች ሲባል መነጽራቸው ውስጥ ነው። ኖላዊት የምትኖረው ሐዋሳ ነው፤ እሑድ እሑድ መነጽራቸው ከፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ ያስቀምጥላቸዋል፣ ሲበቃትም ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አቶ ኢዮስያስ መነጽራቸውን ካወለቁ ከአንድ ስንዝር በላይ የራቀ ነገር ሁሉ ጉም ስለሆነባቸው፣ ልጅም መንገድም በመነጽር ነው የሚገኘው።

«አባ፣ ፊትህ ገርጥቷል። እየበላህ ነው?»

«እበላለሁ። ኖሊዬ፣ የእናትሽ ዓይን እንዴት ነበር?»

«የምን ዓይን?»

«የግራው።»

«ያው ግድግዳህ ላይ እንደምታየው ነዋ።» ቆይታ ደግሞ፣ «ልጅ ሳለሁ የሆነ ነገር ነበረው መሰለኝ። ታክማ አልነበር እንዴ?»

«አልታከመችም።»

«እንጃ እንግዲህ፣ እኔ የማስታውሳት እንደዚህ ነው።»

አቶ ኢዮስያስ አልተከራከሩም። ሰው ስለ ገዛ እናቱ ፊት ምን ተብሎ ይሟገቱታል? ሌላ ነገር ግን ትዝ አላቸው፤ የኖላዊት አፍንጫ የእናቷ ነው፣ ያችው ጉብታ አለችበት። «እስቲ ወደ ጎን ዙሪልኝ» አሉ። «በጎን ልይሽ።»

ልጅቷ ሳቀች። ወንበሯ ሲንሿጠጥ ተሰማ። ፊቷ ግን እንዳለ ነው፣ ሁለት ዓይኗ እሳቸው ላይ ተተክሏል።

«ዙሪ እንጂ።»

«ዞሬያለሁ እኮ አባ። መስኮቱን እያየሁ ነው።»

በሁለት ዓይኗ ትክ ብላ እያየቻቸው መስኮቱን እያየሁ ነው ትላለች። ከልጃቸው ጋር ስንት እሑድ ሲጨዋወቱ እሷ በየት በኩል እያየች እንደነበር አንድም ቀን አላወቁም ማለት ነው።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ይኸው መጣሁ አይደል እንዴ?» አለች ኖላዊት። የምሯን ነው።

በማግስቱ የምስል አገልግሎቱ ቢሮ ሄዱ። ተራ ጠብቀው የቀረቡላት ልጅ ትሑት ናት፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ «አባቴ» እያለች ነው የምታናግራቸው። ግድግዳው ዙሪያውን ትክ ብለው በሚያዩ ፊቶች ተሞልቷል።

«የባለቤቴን የድሮ ፎቶ ነው የምፈልገው» አሉ። «የወረቀቱን። ቤት ለቤት ተሰብስቦ ሲታደስ አስረክበናችሁ ነበር። በረንዳችን ላይ ስንሰፋ አንድ መንገደኛ ያነሣን አለ። እሷ በጎን ናት። ዋናውን ስጡኝ።»

«አባቴ፣ ዋናው የሚባል ነገር እኮ የለም።»

«እንዴት ነው የሌለው?»

ልጅቱ ይህን ለስንት ሽማግሌ እንዳስረዳች ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ድሮ ሰው በከሰልና በቀለም ይሥል ነበር አለች። ቀጥሎ ብርሃን ራሱ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፣ ፎቶ ማለት ያ ነው። ከዚያ ምስል የነጥብ ክምር ሆነ፤ ሲያጎሉት ይፈረካከሳል፣ ቦታም ይፈጃል። ነጥቡ በመስመር ተተካ። አሁን ደግሞ መስመሩም ቀርቷል።

«እና ምን ቀረ?»

«ቃል ነዋ። የባለቤትዎ ምስል እኛ ጋ በቃል ነው ያለው። ሴት፣ ጠይም፣ ልብስ ሰፊ፣ የወሎ ሰው፣ ደግ። ከዚያ ተነሥቶ የሚሥላት መነጽርዎ ነው። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚሥላት፤ ለዚያ ነው የማይደበዝዝ።»

አቶ ኢዮስያስ ትንሽ ተስፋ አደረጉ። «ታዲያ ቃል ከሆነ፣ ግራ ዓይኗ አያይም ብላችሁ ጨምሩበታ። በጎን በሉበት።»

«በጎን ደንቡ አይፈቅድም። ጉድለት ደግሞ አንጽፍም አባቴ፣ ቤተሰብ ይከፋል።»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ።»

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። እንባዋ ግን ደንቡን የሚለውጥ አልነበረም። እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

የቀሩት መሪጌታ ፍሬስብሐት ብቻ ነበሩ። መሪጌታ በገራዶ በኩል፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚኖሩ በከተማው የመጨረሻው በእጃቸው የሚሥሉ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ መነጽር ማስቀመጫ ሣጥን አለ፤ መነጽሩን ያላወለቀ ሰው አይገባም። በመነጽር የተመለከቱት እንደሆነ የግድግዳቸው ይሁዳ ራሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሁለቱንም አፍጥጦ ፈገግ ይላልና ነው። መሪጌታን ከዚህ በላይ የሚያናድዳቸው የለም።

አቶ ኢዮስያስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። የቆዳ ሙጫ ሽታ ተቀበላቸው። ከጉሙ ውስጥ አንድ ነጭ ጥምጥም ተነሣ።

«ይቀመጡ። ምን ልሥል?»

«ባለቤቴን ነው። አርፋለች።»

«ነፍሷን ይማር። ደግ ነበረች?»

አቶ ኢዮስያስ አሰቡ። «ተሳዳቢ ነበረች» አሉ። «ግን ደግ ነበረች።»

«እንግዲያው በሁለት ዓይን ነው።»

«አይደለም መሪጌታ። በጎን ነው የምፈልጋት፣ በአንድ ዓይን።»

የቀለም መፍጫው ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «ይስሙኝ ወንድሜ፣ በጎን የምሥለው እነይሁዳን ነው። ከደግ ሴት ጋር ምን አጣላዎት?»

«አንዱ ዓይኗ እኮ እውነትም አያይም ነበር!»

«ቢሆንም። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው። ባይኖረውም አለው።»

ይህን ሲሰሙ አቶ ኢዮስያስ አለቀሱ። ለማልቀስ አልነበረም የመጡት፤ ነገር ግን ያ ቤት ጉም ነው፣ ሰው ሲያያቸው አይታያቸውም። «መሪጌታ፣ እየረሳኋት ነው» አሉ። «ግድግዳዬ ላይ አንዲት ሴት አለች፣ ደኅና ሴት ናት፣ ብርድ እንዳይመታኝ ታስብልኛለች፤ ግን አላውቃትም። ከማላውቃት ሴት ጋር ነው የምኖረው። የኔዋ ሰው በጎን ነበረች። እንዲያ ነው የማውቃት፤ ሌላ መልክ የለኝም።»

ደጅ ዶሮ ሲጭር ይሰማል።

«ኃጢአቱስ?» አሉ መሪጌታ።

«በእኔ ይሁን።»

«እግዚአብሔር እንደ ፈቀደ እናደርጋለን» አሉ መሪጌታ። ይህ እሺ ማለት አይደለም፤ አቶ ኢዮስያስ ግን እሺ ብለው ሰሙት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ለሚያያቸው ሰው ያስቅ ነበር። መሪጌታ ሰፊ ወረቀት ግድግዳ ላይ ወጥረው በከሰል ሲሥሉ፣ አቶ ኢዮስያስ አፍንጫቸውን ወረቀቱ ላይ ሊያስነኩ ምንም ሳይቀራቸው፣ እጅ እጃቸውን እየተከተሉ ያርማሉ። የቅርብ ነገር ይታያቸዋል፣ ሙሉ ፊት ግን በአንድ ጊዜ አይገባላቸውም። «አገጯ እንዲህ አልነበረም። ክር በጥርሷ ስትበጥስ ወጣ ይል ነበር።» መሪጌታ ያጠፋሉ፣ ይሥላሉ። «ግንባሯን ወደ ፊት ያምጡት፣ እልኸኛ ናት።» መሪጌታ ያጠፋሉ። «አሁን አፍንጫዋ፣ መሐል ላይ፣ ትንሽ ብቻ፣ አዎ፣ አዎ!» ያቺ ጉብታ ስትወጣ አቶ ኢዮስያስ ግድግዳውን ደግፈው ቆሙ። ረድኤት ነበረች። አንድ ስንዝር የምታህል ረድኤት፣ ግን ራሷ።

«ቀለሙን እኔ እጨርሳለሁ» አሉ መሪጌታ። «በቀለም ሥራ ላይ ሰው አላስቆምም። እልክልዎታለሁ፣ ይሂዱ።»

ያን ሰሞን አቶ ኢዮስያስ ለግድግዳው ምስል ሰላምታ መመለስ ተዉ። ምስሉ አንገቱን ሰበር ቢያደርግም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። የፒያሳውን በረንዳ ሄደው አዩት፤ አሁን ልብስ የሚታተምበት ሱቅ ሆኗል፣ ሰው ቆሞ ይለካል፣ ለብሶ ይወጣል። ማንም ከማንም ጎን የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ሥዕሉ በነጠላ ተጠቅልሎ መጣ። ያመጣው ሰው ገመዱን ፈትቶ፣ በአገራችን የጥንት ሥዓሊዎች ወግ ሸማ ላይ የተሣለውን ከግድግዳው አስጠግቶላቸው ሄደ። አቶ ኢዮስያስ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

ረድኤት በሙሉ ፊቷ፣ በሁለት ዓይኗ አየቻቸው። ፈገግ ብላለች። ስፒሎቹም የሉም።

መነጽሩ ነው፤ እንደሚሆን ማወቅ ነበረባቸው። ለይሁዳ ያልሳሳ መነጽር ለረድኤት አይሳሳም። ቅስማቸው ስብር ብሎ ቆመው ሳለ እሑድ ነበርና ወንበሩ ላይ ኖላዊት ብቅ አለች።

«ውይ እማዬ! አባ፣ ይሄን ማን ሣለልህ? ቁርጥ እሷን እኮ ነው!»

«ኖሊዬ፣ መነጽሬን ላወልቅ ነው።»

«ለምን? ያምሃል?»

«እናትሽን ላያት ነው።»

«ይኸው እያየሃት አይደል? አባ፣ ካወለቅከው እኔም አልታይህም፣ ድምፄም አይሰማህም። መቼ መልሰህ ታደርገዋለህ?»

አቶ ኢዮስያስ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚህ ቤት የቀረቻቸው ሰው እሷ ብቻ ናት፣ እሷም በዚህ መስታወት ብቻ ነው የምትገኘው። በዚያች ሰዓት ወዴት እያየች እንደሆነ እንኳ አያውቁም። «እንጃ» አሉ። «ብቻ በሩን አልቆልፈውም። መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

«አባ፣ እንዴ፣ አባ ቆይ...»

አወለቁት። ድምፁ እንደ ክር ተበጠሰ። ቤቱ ጉም ሆነ፤ ወንበሩም፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ሴትዮም፣ መስኮቱም አንድ ነጭ ነገር ሆኑ። እጃቸውን ዘርግተው እየዳሰሱ ሄደው ሸማው ጋ ሲደርሱ ቀለሙ ገና ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ጎንበስ ብለው ተጠጉ።

መጀመሪያ ያገኙት ጆሮዋን ነው፤ ጠመኔው አለ። መሪጌታ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጠመኔውን ነጭ በነጭ አድርገውታል። ወደ መንገጭላዋ ወረዱ። አገጯ ወጣ ብሏል። በከንፈሯ ሁለቱን ስፒል ነክሳለች፤ በአንደኛው ላይ ብርሃን ነጥብ ብላ አርፋበታለች። አቶ ኢዮስያስ ሳቁ። አፍንጫዋን ተከትለው ወደ ላይ ሄዱ፣ ጉብታዋን አለፉ፣ ደኅነኛ ዓይኗን አገኙ፤ ወደ ታች፣ ወደ መርፌው እያየች ነው። ከአፍንጫዋ ማዶ ግን ባዶ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ሌላ ነገር አለ። ይበልጥ ተጠጉ።

ሁለተኛ ዓይን ነበር። ትልቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ቅዱሳኑ ዓይን የተኳለ፣ ከአፍንጫዋ ማዶ ወጥቶ እሳቸውን ትክ ብሎ የሚያይ።

ለአንድ አፍታ ደማቸው ፈላ። ቀጥሎ ግን መሪጌታ ያን ዓይን ሲጨምሩ ታዩዋቸው፤ ብሩሹን አንሥተው፣ መልሰው አስቀምጠው፣ እንደገና አንሥተው፣ የማያውቋት ደግ ሴት በሰማይ ቤት ከይሁዳ ተርታ እንዳትቆም ሲፈሩላት። ክፋት አልነበረበትም። ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅም ክፋት የለባትም። ሁሉም ሰው ለረድኤት አዝኖላታል፣ ሁሉም ሰው አንዳንድ ዓይን ሰጥቷታል። መቀስ ፈልገው ሊፍቁት አሰቡና ተዉት። የሰው ጸሎት በመቀስ አይፋቅም።

የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አንሥተው ያችን ዓይን ከደኗት።

ረድኤት ሆነች። ቀና ሳትል፣ ስፒሏን ነክሳ፣ በልጅነቷ የተወጋው ወገኗ ወዲያ ሆኖ፣ እሳቸው በቀኟ፣ የስድቧ ተራ እስኪደርሳቸው የሚጠብቁ።

«ረዲ» አሏት።

አልመለሰችም። ከሸማና ከቀለም የተሠራች ናት፤ ሞታለች። ከተቀበረች ጀምሮ በየማለዳው ሲያናግሯት ስለኖሩ አቶ ኢዮስያስ ሚስታቸው መሞቷን እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሚገባ ሳያውቁት ቀርተዋል። አሁን አወቁት። ግንባራቸውን ሸማው ላይ አስደግፈው፣ ቀለሙን እንዳያበላሹ እንባቸውን በግራ እጃቸው እየጠረጉ፣ መርዶ እንደ ተረዳ ሰው ጮኸው አለቀሱ። የቀኝ ክንዳቸው ዛለ፤ ጣታቸውን ግን አላነሡም።